የሼርፖይንት ሰነድ ላይብረሪ፦ የማንበብና የማረም ፈቃድን ስለማስተዳደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመሥሪያ ቤቱ የጋራ ሰነዶች የሚቀመጡበትን የሼርፖይንት ሳይት «አንተ ያዘው» ወይም «አንቺ ያዢው» ተብለው ኃላፊነቱ ሳያስቡት የተጣለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የአይቲ ባለሙያዎች ሳይሆኑ የዕቅድ፣ የግዢ፣ የሰው ኃይል ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች እኔም ይህንኑ ሥራ በያዝኩባቸው ዓመታት ከእንዲህ ዓይነት ባልደረቦች ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። መልሶቹ የማይክሮሶፍት 365 አካል የሆነውንና በኢንተርኔት የሚሠራውን ሼርፖይንት ይመለከታሉ፤ የአዝራሮቹንና የገጾቹን ስም በእንግሊዝኛው ስክሪን ላይ በሚነበቡበት አጠራር ጽፌአቸዋለሁ።

የማንበብ ፈቃድና የማረም ፈቃድ በትክክል የሚለያዩት በምንድን ነው?

አዲስ ሳይት ሲከፈት ሦስት ቡድኖች አብረው ይፈጠራሉ። «ኦውነርስ» የተባለው ቡድን ሙሉ ሥልጣን፣ «ሜምበርስ» የኤዲት (የማረም) ፈቃድ፣ «ቪዚተርስ» ደግሞ የሪድ (የማንበብ) ፈቃድ ይኖረዋል። የሪድ ፈቃድ ያለው ሰው ሰነዱን ከፍቶ ማንበብ፣ ማተምና ወደ ኮምፒውተሩ ማውረድ ይችላል፤ በላይብረሪው፣ ማለትም በሳይቱ ውስጥ ሰነዶቹ በሚቀመጡበት ክፍል፣ ባለው ቅጂ ላይ ግን አንዲት ፊደል እንኳ መለወጥ አይችልም።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው በኤዲትና «ኮንትሪቢዩት» በተባለው ደረጃ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሁለቱም ሰነድ ለመጨመር፣ ለማረምና ለመሰረዝ ያስችላሉ። ኤዲት ግን ከዚህ አልፎ ላይብረሪዎችን ራሳቸውን የመፍጠርና የመሰረዝ ሥልጣን ይሰጣል። በሌላ አነጋገር «ሜምበርስ» ውስጥ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ማንም ሆን ብሎ ይህን ሥልጣን ሳይሰጠው፣ የአምስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ያለበትን ላይብረሪ እንዳለ ማጥፋት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሳይት ስረከብ የመጀመሪያ ሥራዬ የ«ሜምበርስ» ቡድንን ደረጃ ከኤዲት ወደ ኮንትሪቢዩት ዝቅ ማድረግ ነው። የዕለት ሥራውን በዚህ ምክንያት የተቸገረ ባልደረባ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እርስ በርሳችን የምንተማመን ሰዎች ነን። ለሁሉም የማረም ፈቃድ ብንሰጥ ምን ችግር አለው?

ችግሩ ከመተማመን ጋር አይገናኝም። አንድ ጊዜ በሰኔ ወር፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ፣ የሁሉንም የሥራ ክፍሎች በጀትና ወጪ የያዘ የኤክሴል ሠንጠረዥ በጋራ ላይብረሪያችን ውስጥ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ከፍተኛ ወጪ ያለው የትኛው ክፍል እንደሆነ ለማየት ፈልጎ የወጪውን ዓምድ ብቻ መርጦ ከትልቅ ወደ ትንሽ አሰለፈው። ኤክሴል የጎኖቹ ዓምዶች አብረው ይሰለፉ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የተመረጠው ብቻ ይሰለፍ የሚለውን ተጫነ። የክፍሎቹ ስም በየቦታቸው ቀሩ፤ የወጪው አሃዝ ግን ሁሉም ቦታውን ለቅቆ ሄደ። ፋይሉ ሼርፖይንት ላይ ስለነበር ራሱን በራሱ የማስቀመጫው አሠራር ለውጡን ወዲያው መዘገበው። ባልደረባዬም የሚፈልገውን አይቶ መስኮቱን ዘግቶ ወጣ። እኛ ስህተቱን ያየነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያውም የአንዱ ክፍል ወጪ ከበጀቱ በልጦ ስለታየ ብቻ።

ያ ሰው ከማውቃቸው ጠንቃቃ ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ወደ ሰነዱ የገባውም ለማንበብ ነበር። ፈቃዱ የማንበብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያደረገው ማሰለፍ በእርሱ ስክሪን ላይ ብቻ ታይቶ ይቀር ነበር። በጋራ ላይብረሪ ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፦ ክፋትም ቸልተኝነትም የሌለበት፣ ለማየት በገባ እጅ የሚደርስ። ስለዚህ ጥያቄውን «ማንን እናምናለን?» ብሎ ከመጀመር «ይህን ሰነድ ማረም የማን ሥራ ነው?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ሥራው የሆኑት ሁለት ሰዎች ከሆኑ የማረም ፈቃድ የሚያስፈልጋቸውም ሁለት ሰዎች ናቸው።

የማንበብ ፈቃድ ብቻ የተሰጠው ባልደረባዬ «አታምኑኝም ማለት ነው?» ብሎ ቅር ተሰኘ። ምን ልበለው?

ይህ ከቴክኒክ ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ነው። ብዙ አስተዳዳሪዎች ፈቃዱን ያለ ምክንያት የሚያሰፉትም በይሉኝታ ስለሆነ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

እኔ የማስታውሳቸው መዝገብ ቤትን ነው። መዝገብ ሲወጣ ይፈረማል፣ ሲመለስ ይመዘገባል፤ ጉዳዩ የተመራለት ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀርም በሰነዱ ኅዳግ ላይ ማንም አይጽፍበትም። ይህን ሥርዓት እንደ ንቀት የቆጠረ ሠራተኛ አልነበረም፤ ሰነዱን የመጠበቂያ መንገድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሪድ ፈቃድም ይኸው ሥርዓት በኮምፒውተር ላይ የያዘው መልክ ነው። ከዚህ ሌላ አንባቢውን ራሱን ይጠብቀዋል። ሼርፖይንት በእያንዳንዱ የሰነድ ቨርዥን (ሰነዱ ሲለወጥ በሚመዘገበው ቅጂ) ላይ ለውጡን ያደረገውን ሰው ስም ይመዘግባልና፣ አንድ አሃዝ ተዛብቶ ሲገኝ የማረም ፈቃድ የሌለው ሰው ስሙ በመዝገቡ ላይ ሊገኝ፣ ሊጠየቅም አይችልም።

ቅሬታው አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ፍላጎት አለበት፤ ሰውየው አስተያየት መስጠት ይፈልጋል፣ የሪድ ፈቃድ ግን ለዚያ በቂ አይደለም። ሰነዱ የወርድ ፋይል ከሆነ ሼር ሲያደርጉ «ካን ሪቪው» የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ተጋባዡ የማሻሻያ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ጽሑፉን በቀጥታ አይለውጥም። ሐሳቡን የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው የሰነዱ ባለቤት ነው።

ሳይቱን በሙሉ ሳልነካ አንዱን ላይብረሪ ብቻ የሚነበብ ማድረግ እችላለሁ?

ይችላሉ። ላይብረሪው ሲፈጠር ፈቃዱን ከሳይቱ ይወርሳል፤ ውስጡ ያሉት ፎልደሮችና ፋይሎች ደግሞ ከላይብረሪው ይወርሳሉ። እርስዎ የሚያደርጉት ይህን ውርስ በላይብረሪው ደረጃ ማቋረጥ ነው። ላይብረሪውን ከፍተው የማርሽ ጥርስ የሚመስለውን የሴቲንግስ ምልክት ይጫኑ፤ ከዚያ «ላይብረሪ ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሞር ላይብረሪ ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎም የዚህን ላይብረሪ ፈቃድ የሚያሳየውን ገጽ ይክፈቱ። «ስቶፕ ኢንሄሪቲንግ ፐርሚሽንስ» የሚለውን ሲጫኑ በዚያች ቅጽበት ያለው ፈቃድ ወደ ላይብረሪው ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ላይብረሪው ለብቻው ይቆማል። አሁን «ሜምበርስ» የሚለውን ቡድን መርጠው ደረጃውን ወደ ሪድ ይለውጡ፤ ማረም ሥራቸው ለሆነው ሰዎች ደግሞ አንድ ትንሽ ቡድን አቋቁመው ለቡድኑ ኮንትሪቢዩት ይስጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ውርሱ ከተቋረጠ በኋላ በነባሩ ቡድን ውስጥ አዲስ ሰው ቢጨምሩ ያ ሰው ላይብረሪውንም ያገኛል፤ በሳይቱ ላይ አዲስ ቡድን ቢጨምሩ ግን ወደዚህ ላይብረሪ አይደርስም። ሁለተኛ፣ የሳይቱ ዋና አስተዳዳሪዎች በዚህ አይታገዱም። ከእነርሱ መሰወር ያለበት ሰነድ ካለ ቦታው ሌላ ሳይት ነው።

ላይብረሪውን የሚነበብ ብቻ አደረግሁት፤ አንድ ሰው ግን አሁንም ያርማል። ለምን?

በሼርፖይንት ፈቃድ ይደመራል እንጂ አይቀናነስም። አንድ ሰው በአንዱ ቡድን ሪድ፣ በሌላው ኮንትሪቢዩት ካለው የሚሠራለት ከፍተኛው ነው። ስለዚህ ሰውየው በየትኛው መንገድ እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በፈቃዱ ገጽ ላይ «ቼክ ፐርሚሽንስ» የሚለውን ተጭነው ስሙን ሲያስገቡ ምን ፈቃድ እንዳለውና በየትኛው ቡድን አማካይነት እንዳገኘው ይነግርዎታል።

የዚህ ውጤት ትክክል ሆኖ ሰውየው አሁንም የሚያርም ከሆነ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀደም ሲል የተሰጠ ሊንክ ነው። ከወራት በፊት አንድ ሠራተኛ ፋይሉን «ካን ኤዲት» ብሎ ሼር አድርጎት ከነበረ፣ ያ ፋይል በዚያን ዕለት የራሱ የሆነ ፈቃድ አግኝቷል፤ እርስዎ ዛሬ ላይብረሪውን ቢዘጉም ያ የቆየ ፈቃድ አይነካም። ላይብረሪው ውስጥ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካሉ በፈቃዱ ገጽ አናት ላይ የሚያሳውቅ መልእክት ይወጣል፤ ዝርዝራቸውንም ያሳያል። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ «ማኔጅ አክሰስ» ገብቶ ሊንኩን ማጥፋት፣ ወይም የተለየውን ፈቃድ ሰርዞ ፋይሉን ወደ ውርሱ መመለስ ይቻላል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የሚዘለል ግን አይደለም። ላይብረሪ የሚነበብ ብቻ የሚሆነው ይህ ሥራ ሲያልቅ ነው።

«ሊሚትድ አክሰስ» የሚል ደረጃ አየሁ። እኔ አልሰጠሁም።

ሼርፖይንት ራሱ የሚሰጠው ነው። አንድ ሰው በላይብረሪው ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ሲፈቀድለት እስከ ፋይሉ ድረስ የሚያደርሰው መተላለፊያ ስለሚያስፈልገው ይህ ደረጃ ይሰጠዋል። በራሱ ሌላ ምንም ነገር አያስነብብም፤ ይተዉት።

በአንድ ላይብረሪ ውስጥ ለየፎልደሩ የተለያየ ፈቃድ መስጠት ይሻላል ወይስ የተለያዩ ላይብረሪዎች መክፈት?

የተለያዩ ላይብረሪዎች። በዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው። ፎልደር በፎልደር የተሰጠ ፈቃድ በሰጠው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚኖር ካርታ ይሆናል፤ ያ ሰው ሲዛወር ካርታውም አብሮት ይሄዳል። ማይክሮሶፍት በአንድ ላይብረሪ ውስጥ የሚፈቅደው የተለየ ፈቃድ ያላቸው ፋይሎችና ፎልደሮች ብዛት እስከ 50,000 ነው፤ ከ5,000 እንዳይበልጥ ግን ይመክራል። ከ100,000 በላይ ፋይሎች ባሉበት ላይብረሪ ወይም ፎልደር ላይ ደግሞ ውርሱን ማቋረጥ ራሱ አይቻልም፤ ስለዚህ ሰነዱ ከመብዛቱ በፊት መወሰን ያስፈልጋል። አብዛኛው መሥሪያ ቤት እነዚህ አሃዞች ላይ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ምናልባት በአርባና በሃምሳ የተለየ ፈቃድ ላይ፣ ማን ምን እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው ያጣል።

የሠራልኝ አከፋፈል ይህ ነው፦ ለሁሉም የሚነበቡ የጸደቁ ሰነዶች አንድ ላይብረሪ፣ የየክፍሉ በሂደት ላይ ያለ ሥራ በየራሱ ላይብረሪ፣ የሠራተኞች የግል ማኅደርና የደመወዝ ሰነድ ደግሞ ፈጽሞ በሌላ ሳይት። ፈቃዱን በሰው ስም ሳይሆን በቡድን ስም መስጠትም አይርሱ።

ሊንኩን በቴሌግራም ነው የምንልከው። ያሠጋል?

የሚያሠጋው የሊንኩ ዓይነት ነው። ሼርፖይንት አራት ዓይነት ሊንክ ይሰጣል። «ኤኒዋን» የሚለው ሊንኩ የደረሰውን ሁሉ ያለ ምንም መለያ ያስገባል። የድርጅቱ ሰዎች የሚለው ሊንኩን ያገኘውን ማንኛውንም የድርጅቱን ሠራተኛ ያስገባል። ቀድሞ ፈቃድ ያላቸው የሚለው ለማንም አዲስ ፈቃድ አይሰጥም፤ የፋይሉን አድራሻ ብቻ ያመለክታል። «ስፔሲፊክ ፒፕል» የሚለው ደግሞ ስማቸው ለተጻፈው ሰዎች ብቻ ይሠራል።

በአገራችን የሥራ ጉዳይ በአብዛኛው በቴሌግራም ግሩፕ የሚያልፍ በመሆኑ፣ «ኤኒዋን» የተባለው ሊንክ አንድ ጊዜ ከተለቀቀ በኋላ የት እንደሚደርስ መከታተል አይቻልም። ከግሩፑ የወጣ ሰው ሊንኩን ይዞት ይወጣል፤ ወደ ሌላ ግሩፕ ፎርዋርድ ያደረገውን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ቀድሞ ፈቃድ ላላቸው የሚሠራው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ እርሱ የትም ቢሄድ አዲስ በር አይከፍትም። ከድርጅቱ ውጭ ላለ ሰው መላክ ግድ ከሆነ በስሙ ይላክለት፤ «ኤኒዋን» የተባለውን መጠቀም ካስፈለገም የሚያበቃበት ቀን ይወሰንለት፣ ማረምም አይፈቀድበት። ሼር የሚያደርገውም ሁሉም ሰው ሊሆን አይገባም፤ ሳይቱ ሲከፈት አባላት በሙሉ ሼር እንዲያደርጉ የተፈቀደ ስለሚሆን፣ በሳይቱ የፈቃድ ገጽ ላይ ይህን ለባለቤቶቹ ብቻ ማድረግ ይቻላል።

ሰው እንዲያነበው፣ ነገር ግን እንዳያወርደው ማድረግ ይቻላል?

ለማንበብ ብቻ የሚሆን ሊንክ ሲያዘጋጁ «ብሎክ ዳውንሎድ» የሚለውን ማብራት ይችላሉ፤ ሰነዱ በብራውዘር ይነበባል፣ አይወርድም፣ አይታተምም። ስልኩን አውጥቶ ስክሪኑን ፎቶ የሚያነሳን ሰው ግን የሚከለክል ነገር የለም። ፈጽሞ መውጣት የሌለበት ሰነድ ከሆነ የአንባቢዎቹን ቁጥር መቀነስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ፋይሉ ላይ ፓስወርድ ብናደርግ ወይም «ማርክ አዝ ፋይናል» ብንለው አይበቃም?

«ማርክ አዝ ፋይናል» ማሳሰቢያ ብቻ ነው፤ ማንኛውም የማረም ፈቃድ ያለው ሰው በአንድ ጠቅታ ያልፈዋል። ፓስወርድ ደግሞ ከፋይሉ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር አይያያዝም፦ ሁሉም ሰው አንዱን ፓስወርድ ስለሚጋራ ማን እንደከፈተ አይታወቅም፣ ሲረሳም ሰነዱ ከባለቤቱ ሳይቀር ይቆለፋል።

ረቂቁ በሚዘጋጅበት ጊዜ አንባቢዎች የጸደቀውን ብቻ እንዲያዩ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ሳይጠቀምበት የቀረ መልካም አሠራር ነው። በላይብረሪው የቨርዥን ሴቲንግ ውስጥ ዋናና ንዑስ ቨርዥኖች እንዲመዘገቡ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ረቂቆች 0.1፣ 0.2 እያሉ ይቀጥላሉ፤ ሲታተሙ፣ ማለትም «ፐብሊሽ» ተደርገው ለአንባቢ ሲለቀቁ፣ 1.0 ይሆናሉ። በዚያው ገጽ ላይ ረቂቅን ማየት የሚችሉት ማረም የሚችሉት ብቻ እንዲሆኑ ከተመረጠ፣ የሪድ ፈቃድ ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚያየው የመጨረሻውን የታተመ ቨርዥን ነው። አዘጋጆቹ 1.4 ላይ እየተከራከሩ አንባቢው 1.0ን በሰላም ያነባል። የኃላፊ ይሁንታ የሚያስፈልግ ከሆነም «ኮንቴንት አፕሩቫል» የሚለውን ማብራት ነው፤ ኃላፊው ሳያጸድቅ ሰነዱ ለአንባቢ አይወጣም። የመመሪያና የአሠራር ማኑዋል ላይብረሪ ካለዎት ከዚህ የተሻለ ቅንብር አላየሁም።

ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ እንዳያርሙ «ቼክ አውት» ግዴታ ላድርገው?

አንድ ሰው ሰነዱን ቼክ አውት ካደረገው እስኪመልሰው ድረስ ሌላው ማንበብ ብቻ ይችላል። ለውል ረቂቅ ይጠቅማል። ለዕለት ተዕለት ሰነድ ግን አብሮ ማረምን ስለሚያስቀር፣ ሠራተኛው ቼክ አውት አድርጎ የዓመት ዕረፍት ሲወጣ ደግሞ ሥራው ስለሚቆም አልመክርም።

የማረም ፈቃድ ያለው ሰው በስህተት ቢያበላሽ ወይም ቢሰርዝስ?

የተበላሸው ከቨርዥን ሂስትሪ (ከቀድሞ ቅጂዎቹ ዝርዝር) ይመለሳል፤ ከላይ የጠቀስኩትን ሠንጠረዥም ያዳነው እርሱ ነው፣ የሦስት ቀኑን ትክክለኛ ሥራ በእጅ እንደገና ማስገባት ቢያስፈልግም። የተሰረዘ ፋይል ደግሞ በሪሳይክል ቢን ውስጥ በድምሩ 93 ቀን ይቆያል። ከዚያ በፊት ካልታወቀ ከዚያ አይገኝም፤ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ሰነድ ያለበትን ላይብረሪ የሚነበብ ብቻ ማድረግ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ምን ማድረግ አለብኝ?

ፈቃዱ በቡድን የተሰጠ ከሆነ ከቡድኑ ማውጣት ይበቃል። አስቸጋሪው የሥራ ሰነዶችን በራሱ ዋንድራይቭ (በማይክሮሶፍት 365 የግል ማከማቻው) ላይ አስቀምጦ ለባልደረቦቹ ሼር ሲያደርግ የኖረ ሠራተኛ ነው። አካውንቱ ሲሰረዝ ዋንድራይቩ ሌላ ነገር ካልተወሰነ በቀር ለ30 ቀን ብቻ ይቆያል፤ ባልደረቦቹ ሊንኩ እንደማይሠራ የሚያውቁት ምናልባት ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመልቀቂያ ቅጹ ላይ ንብረት ማስረከብ እንዳለ ሁሉ ሰነዶችን ወደ ጋራ ላይብረሪ ማዛወርም እንዲጨመር የሰው ኃይል ክፍልን ይጠይቁ። ለሳይቱ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ባለቤት ይኑረው።

እኛ የምንጠቀመው ጉግል ድራይቭ ነው። ይህ ሁሉ ይሠራል?

ሐሳቡ አንድ ነው። ደረጃዎቹ «ቪወር»፣ «ኮሜንተር» እና «ኤዲተር» ናቸው፤ መካከለኛው አስተያየት ብቻ ያሰጣል። ከሼር መስኮቱ ቅንብር ውስጥ ሁለት ምልክቶችን ይመልከቱ፦ ኤዲተሮች ለሌላ ሰው ፈቃድ እንዳይሰጡ፣ አንባቢዎችም እንዳያወርዱ፣ እንዳያትሙና እንዳይገለብጡ ማድረግ ይቻላል። የተሰረዘ ፋይል በቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ነው፤ ከሼርፖይንት በጣም ያነሰ ነው።

ያስተካከልኩት ነገር በትክክል መሥራቱን እንዴት ላረጋግጥ?

በራስዎ ስክሪን አይሆንም፤ ባለቤት ስለሆኑ ሁሉም ነገር ክፍት ሆኖ ነው የሚታይዎት። የሪድ ፈቃድ ብቻ ያለው አንድ ባልደረባዎን ፈቅዶ ኮምፒውተሩ ላይ ለአምስት ደቂቃ አብሮዎት እንዲቀመጥ ይጠይቁት። አንድ ሰነድ ከፍቶ ጽሑፍ ለመጨመር ይሞክር። ላይብረሪውን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘው ከሆነ በፋይሎቹ ላይ የቁልፍ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። በመጨረሻም በሼርፖይንት መፈለጊያ ላይ ሊያየው የማይገባውን የአንድ ሰነድ ስም፣ ለምሳሌ የደመወዝ ዝርዝሩን ስም፣ ይጻፍ። መፈለጊያው ለእያንዳንዱ ሰው የሚያወጣለት የተፈቀደለትን ብቻ ስለሆነ ሰነዱ መውጣት የለበትም። ከወጣ ያንኑ ፋይል በራስዎ አካውንት ከፍተው «ማኔጅ አክሰስ» ውስጥ የቀረውን ሊንክ ይፈልጉ።